ከቤት ውጭ ያደሩ ልጆች፦ የክረምት ጉባኤ በቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ሰኔ ተገባዶ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ በየአጥቢያው ሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አሳብ መነሣቱ የተለመደ ሆኗል። ሕፃናቱንና ታዳጊዎቹን ሰብስቦ፣ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ ገዳም ወይም ደብር ወስዶ፣ ጥቂት ሌሊቶችን በዚያ አሳድሮ ማስተማር ይገባል ወይስ አይገባም? ከወላጆች አንዳንዱ «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ልጅ በእናት በአባቱ ቤት ይደር» ይላል። ሌላው ደግሞ ልጁን ለመላክ ይቸኩላል እንጂ ሌሊቱን ማን እንደሚጠብቀው፣ ምን እንደሚበላ አይጠይቅም። ሁለቱም ወገኖች ወደ ኋላ ተመልሰው የአባቶችን መንገድ ቢመረምሩ የሚያገኙት ብዙ ነው።

አስቀድመን «የፈረንጅ ልማድ» ስለ ተባለው ጥቂት እንበል። እ.ኤ.አ. በ1861 በአሜሪካ በኮነቲከት ግዛት ፍሬድሪክ ገን የተባለ የትምህርት ቤት ኃላፊ ተማሪዎቹን በእግር እየመራ ወደ ባሕር ዳርቻ ወስዶ ለሁለት ሳምንት ያህል በድንኳን አሳደራቸው። ብዙዎች በዚያ አገር ለሕፃናት የዕረፍት ጊዜ ሰፈር መነሻ የሚያደርጉት ይህንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ደግሞ እንግሊዛዊው ባደን ፓወል ሃያ ያህል ልጆችን ይዞ በብራውንሲ ደሴት ሰፈረ፤ የስካውት እንቅስቃሴም ከዚያ ተነሣ። ስለዚህ «ካምፕ» የሚለው ስምና የሸራው ድንኳን ከውጭ መጣ ቢባል ሐሰት አይደለም። ልጅን ከቤቱ አውጥቶ፣ ከባልንጀሮቹ ጋር አሳድሮ፣ በመምህር እግር ሥር ማሳደግ ግን ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም። ገን ከመወለዱ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ አስቀድሞ በሐይቅ ተሠርቶበታል።

ሐይቅ ደግሞ ለሰንበቴና ለከሚሴ ምእመናን ሩቅ አገር አይደለም። በከሚሴና በኮምቦልቻ አልፎ ደሴ የደረሰ መንገደኛ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝ ሐይቅ እስጢፋኖስ ይደርሳል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በዚያ ገዳም መጻሕፍትን ሰብስበው፣ ደቀ መዛሙርትን ተቀብለው ሲያስተምሩ፣ ተማሪው ከሩቅ መጥቶ ከመምህሩ ጋር የሚኖርበት፣ የሚጸልይበትና የሚሠራበት ሥርዓት ጸንቶ ነበር። ኋላ በሸዋ ደብረ ሊባኖስን የመሠረቱት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ ደቀ መዛሙርት አንዱ ናቸው። እርግጥ ወደ ሐይቅ የሄዱት ሁሉ ሕፃናት አልነበሩም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የሄዱት በጎልማሳነታቸው ነው። ነገር ግን «ዕውቀትን የፈለገ ከቤቱ ይውጣ» የሚለው ልማድ ከእንዲህ ያሉ ገዳማት ወደ አብነት ትምህርት ቤቶች ወርዶ፣ በመጨረሻ የአሥርና የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ደረሰ።

የአብነት ተማሪ ለምን አገሩን ይለቅ ነበር? አንዱ ምክንያት የትምህርቱ ሥርዓት ራሱ ነው። ፊደልና ዳዊት በአጥቢያ ይገኛል። ቅኔ ለመማር ግን ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ፣ ድጓ ለማስመስከር ወደ ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ለመማር ወደ ዙር አምባ መሄድ ግድ ነበር፤ እያንዳንዱ ዕውቀት የራሱ ወንበር፣ የራሱም አገር አለውና። ሁለተኛው ምክንያት ቤት ነው። በወላጆቹ ዘንድ ያለ ልጅ ከብት ይጠብቃል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እርሻ ያግዛል፤ እናቱም ትሳሳለታለች። ስለዚህ ብዙው ልጅ አንዳንዴ በምርቃት፣ አንዳንዴም ሳይናገር ተሰውሮ፣ ለምዱን ለብሶ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ይወጣ ነበር።

የሚያድርበት ቤት ራሱ የሠራው ጎጆ ነው። ከጫካ እንጨት ቆርጦ፣ ሣር አጭዶ፣ በየኔታ ቤት ወይም በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ይቀልሳል። በአንዲት ጎጆ ሁለትም ሦስትም ሆነው ይተኛሉ፤ አንዱ የታላቁ አንዱ የታናሹ ጎጆ እየተባለ ሰፈሩ ራሱን የቻለ መንደር ይሆናል። ክረምት ሲገባ ክዳኑ ያፈሳል፣ መሬቱ ይረጥባል፣ ማገዶው አልነድ ይላል። ቢሆንም ትምህርቱ አይቋረጥም። ንባቡ በቀን ብርሃን፣ በቃል የሚጠናው ትምህርት ደግሞ ማታ ጨለማ ሲወርድ ይሰጣል። መጽሐፍ የማይታይበት ሰዓት ስለሆነ ጆሮና ልብ ብቻ ይሠራሉ፤ መምህሩ ያወርዳሉ፣ ልጁ ይቀበላል። የዛሬ ወጣቶች መብራት በጠፋ ቁጥር ጥናት ቀረ የምትሉ፣ ይህችን ነገር ልብ በሉልኝ።

የቅኔ ተማሪ ደግሞ ከጎጆውም ይወጣል። ቅኔ መቁጠር ጸጥታ ይፈልጋልና ልጁ ለብቻው ወደ ዛፍ ሥር፣ ወደ ወንዝ ዳር፣ ወደ ጫካው ጥግ ሄዶ ቀኑን በአሳብ ይውላል። ወደ ማታ የቆጠረውን ይዞ መጥቶ በየኔታ ፊት ይነግራል፤ ይታረማል፣ ይወደሳል ወይም ይነቀፋል። ተፈጥሮን ማየት ለእርሱ መዝናኛ ሳይሆን የትምህርቱ ክፍል ነበር። ምሳሌውንና ኅብሩን የሚያገኘው ከዝናቡ፣ ከንቡ፣ ከሚፈሰው ወንዝ ነውና። በእኔ አስተያየት ከአባቶች የትምህርት ሥርዓት ሁሉ ለዛሬው የሕፃናት የክረምት ጉባኤ እጅግ የሚስማማው ይህ ነው፤ ልጁን ሜዳ ላይ አውጥቶ ዝም ብሎ እንዲያይ መፍቀድ፣ ማታ ደግሞ «ምን አየህ?» ብሎ መጠየቅ። የእኛ መርሐ ግብር ግን ከጠዋት እስከ ማታ በስብከት ይሞላና ልጁ ዛፉን ሳያየው ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ይህ ሁሉ ልጅ ምን በልቶ ያድር ነበር? «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ በመቆም ያገኘውን ነው። እናቶች የእንጀራ ቁራሽ፣ ቆሎ፣ ያለ ቀንም ንፍሮ በአኮፋዳው ይጨምሩለታል። የማያውቁት ልጅ ነው፤ የማን እንደ ሆነ አይጠይቁም። ሌላ አገር ያለ የእነርሱም ልጅ በማያውቀው ደጅ ቆሞ ይሆናልና። በዚህ መንገድ ተማሪውን የሚቀልበው አገሩ በሙሉ ነበር።

ሰንበቴ የምትለዋ ቃል እዚህ ላይ ታስፈልገናለች። ሰንበቴ ስንል በዚህ አካባቢ ላለነው አስቀድማ የምትታሰበን በእሑድ ገበያዋ የታወቀችው ከተማ ናት። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ደግሞ ሰንበቴ ሌላ ነው፤ ምእመናን ተራ ገብተው በዕለተ ሰንበት ከቅዳሴ በኋላ እንጀራውን፣ ዳቦውንና ጠላውን አምጥተው በአንድነት የሚቀምሱበት ማኅበር ነው። ከዚያ ማዕድ ድሀው አይቀርም፣ መንገደኛው አይቀርም፣ የቆሎ ተማሪውም አይቀርም። ሳምንቱን በቁራሽ የኖረ ልጅ እሑድ በሰንበቴው ቤት ይጠግባል። ወላጆቹ በሌሉበት አገር የወላጅነቱን ድርሻ የሚወስድ ማኅበር ነበር ማለት ነው።

ነገር ግን፣ ውድ አንባብያን፣ የአባቶችን ታሪክ ስንተርክ መከራውን አሳምረን ብቻ እንዳንናገር እንጠንቀቅ። የውሻ ንክሻ በቆሎ ተማሪ እግር ላይ ምልክቱን የማይተውበት ጊዜ ጥቂት ነው። እከኩ፣ ቅማሉ፣ ከቅማሉም የሚመጣው ተስቦ በጠባቧ ጎጆ ከአንዱ ወደ አንዱ ይተላለፍ ነበር። ወደ ቆላ የወረደውን ወባ ይጥለዋል። ሊቅ ሆነው የተመለሱትን እናውቃቸዋለን፣ በመጻሕፍትም ተጽፈዋል፤ በሰው አገር ታመው፣ እናታቸው ሳትሰማ በአጥቢያው አፀድ የተቀበሩትን ግን የሚቆጥራቸው የለም። «እኛ እንዲህ ሆነን ተማርን» የሚለው ቃል የእነዚያን ድርሻ አይናገርም። ስለዚህ ልጅ ከቤት ወጥቶ ይደር ማለት ልጅ ይሠቃይ ማለት እንዳይሆን መለየት ይገባናል።

ሴት ልጆችም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታቸው ጠባብ ነበር። ጎጆ ቀልሳ፣ አኮፋዳ ይዛ በየደጁ የምትዞር ልጅ ማግኘት ብርቅ ነው። የዓይን ብርሃን ሳይኖራቸው በጎጃም የታወቁ የቅኔ መምህርት የሆኑት እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ እንኳ የተማሩት ከአባታቸው ነው። የትምህርቱ ደጅ ለእርሳቸው የተከፈተው አባታቸው መምህር ስለ ነበሩ ነው፤ አባቷ መምህር ያልሆነችውስ? ዛሬ በሰንበት ትምህርት ቤቶቻችን ሴት ልጆች ከወንዶቹ እኩል ተቀምጠው እያየን፣ ስለ ክረምት ጉባኤ ስናስብ የሚታየን የወንዶች ጎጆ ብቻ ከሆነ ታሪኩን እንጂ ልጆቻችንን አላየንም።

በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን አቆጣጠር ልጆች ከቤት ውጭ ማደራቸው የሚታሰብበት በዓልም አለን፤ በክረምቱ ልብ ላይ፣ በጾመ ፍልሰታ ውስጥ፣ ነሐሴ 13 ቀን የሚውለው ደብረ ታቦር ነው። ጌታችን ጴጥሮስን፣ ያዕቆብንና ዮሐንስን ይዞ ወደ ተራራው ወጣ። ወንጌላዊው ሉቃስ ደቀ መዛሙርቱ እንቅልፍ ከብዷቸው እንደ ነበርና ከተራራው የወረዱት በማግሥቱ እንደ ሆነ ይነግረናል፤ እንግዲህ ሌሊቱን በዚያ አድረዋል። ጴጥሮስ በተራራው ላይ ሦስት ዳስ እንሥራ ብሎ የጠየቀውም በዚያን ጊዜ ነው። ሦስቱን ዳስ ለጌታ፣ ለሙሴና ለኤልያስ አሰበ እንጂ ለራሱና ለባልንጀሮቹ ማደሪያ አልጠየቀም።

በትውፊታችን እንደሚነገረው በዚያች ዕለት በተራራው አካባቢ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ነበሩ። ብርሃኑ ስለ በራ የመሸ አልመሰላቸውም፤ በዚያው ቆዩ። ወላጆቻቸው ልጆቹ ቢዘገዩባቸው ችቦ አብርተው፣ ዳቦ ይዘው ፍለጋ ወጡ። የቡሄ ችቦና ሙልሙል ከዚህ የመጣ ነው ይባላል። የጅራፉን ጩኸትና የልጆቹን ጭፈራ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወላጆቹን ግን ብዙ ጊዜ እንረሳቸዋለን። ልጁን በመዘግየቱ አልገረፉትም። ራት አልበላም ብለው ዳቦውን ይዘውለት ሄዱ።

ደብረ ታቦር የቆሎ ተማሪዎችም በዓል ነው። ዓመቱን ሙሉ ሲለምኑ የኖሩ ልጆች ለዚህ ዕለት እህሉን ከመንደሩ ሰብስበው፣ ጠላውን ጠምቀው፣ ዳቦውን አስጋግረው ያበላቸውን ሰው ይጋብዛሉ። ተቀባዩ ሰጪ የሚሆንባት አንዲት ቀን ናት። አሁንም በአንዳንድ ጉባኤ ቤት ይህ አልቀረም።

ወደ ቅርቡ ዘመን እንለፍ። ከአብዮቱ በኋላ ወጣቱን ከቤቱ አውጥቶ የሚያሳድረው መንግሥት ሆነ። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተሰማሩ። ገጠሩን ያወቁበት ጊዜ ነው፤ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን በጉዞው ውስጥ ቦታ አልነበራትም፤ የጊዜው ትምህርትም እግዚአብሔር የለም የሚል ነበር። ወጣቱን ከቤት ውጭ ማን ያሳድረው፣ ምንስ ያስተምረው የሚለው ጥያቄ ያኔ የሃይማኖት ጥያቄ ሆነ።

መልስ ከሰጡት አባቶች ግንባር ቀደሙ የሸዋ ሊቀ ጳጳስ የነበሩት ብፁዕ አቡነ ጎርጎርዮስ ካልዕ ናቸው። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ፣ ሐመረ ብርሃን ቅዱስ ገብርኤል ገዳምንና የካህናት ማሠልጠኛውን አቋቋሙ። በክረምት ዕረፍት ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችንና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በዚያ ተቀብለው ያሠለጥኑ ነበር። ብፁዕነታቸው ራሳቸው ያስተምራሉ፤ ወጣቱም ትምህርቱን፣ ጸሎቱንና ማዕዱን ከገዳሙ ማኅበር ጋር ይካፈላል። ለአንድ ቀን መጥቶ ሰምቶ የሚሄድ አልነበረም፤ አድሮ የሚማር ነበር እንጂ። የቤተ ክርስቲያንን ታሪክ በመጽሐፍ የጻፉልን አባት በዝዋይ ደግሞ ታሪኩን የሚቀጥሉትን አሳደሩ።

አቡነ ጎርጎርዮስ በሐምሌ 1982 ዓ.ም. በመኪና አደጋ በድንገት ዐረፉ። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ተማሪዎች ለውትድርና ሥልጠና ወደ ብላቴ ጦር ማሠልጠኛ ተወሰዱ። ወላጅ በሌለበት፣ ደብር በሌለበት፣ የጦርነቱ መጨረሻ በማይታወቅበት በዚያ ሰፈር ኦርቶዶክሳውያን ተማሪዎች ለጸሎት መሰብሰብ ጀመሩ፤ በቅዱስ ሚካኤል ስም ማኅበርም አቋቋሙ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ሰፈሩ ተበተነ፤ ብዙዎች ወደ ኬንያ ተሰደዱ። በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ሲመሠረት በዝዋይ የተማሩትና በብላቴ የጸለዩት ተገናኝተውበታል። ከቤት ርቆ በአንድነት መጸለይን በሰላሙ ጊዜ በዝዋይ የተለማመደ፣ በብላቴ ያለ መሪ ቢቀር ምን ማድረግ እንዳለበት አልጠፋውም።

እንግዲህ በሰንበቴ፣ በከሚሴ፣ በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ያለን ምእመናን ከዚህ ታሪክ ምን እንውሰድ? በእኛ አካባቢ ወላጅ ልጁን ለማሳደር ቢፈራ እምነት አጉድሎ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በዙሪያዋ የደረሰውን ያየ እናትና አባት ሌሊት የልጁን ትንፋሽ አጠገቡ መስማት ቢፈልግ ማን ይፈርድበታል? ስለዚህ እኔ ሩቅ ገዳም ካልሄድን አይሆንም ከሚሉት ጋር አይደለሁም። በአጥቢያው ቅጥር ውስጥ፣ በሰንበቴው ቤት ወይም በአዳራሹ፣ በፍልሰታ ሁለት ሌሊት ማደር ይበቃል፤ አንደኛውም የቡሄ ዋዜማ ቢሆን ልጆቹ ችቦውን ያበራሉ። ማኅሌቱን ሰምተው፣ ኪዳኑን አድርሰው፣ ቅዳሴውን አስቀድሰው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። በክረምት በቦርከና ዳር የጨፋን ረግረግ ውኃ ይሞላዋልና ወደዚያ ልጆችን ይዞ መውረድ አይገባም፤ በማንኛውም ቦታ ግን ወባ ስላለ አጎበር የሌለው ልጅ እንዳያድር። የሕፃናቱም ጾም እንደ ዐቅማቸው በንስሐ አባት ምክር ይሁን።

ምግቡንስ? የሰንበቴ ማኅበርተኞች ተራ ይግቡበት። ለልጆቹ ብለው ገንዘብ ከሚያዋጡ ይልቅ ድስቱንና መሶቡን ይዘው መጥተው አብረው ቢቀምሱ ይሻላል፤ ልጁ ያበላችውን እናት ፊት ያውቃታልና። ከአሳዳሪዎቹም መካከል እናቶችና አባቶች ይኑሩ፤ ሁሉም ወጣት መምህር ብቻ አይሁን። የወንዶቹና የሴቶቹ ማደሪያ ይለይ፤ ማንም ጎልማሳ፣ መምህርም ይሁን ዲያቆን፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በር ዘግቶ እንዳይቀመጥ አስቀድሞ ይወሰን። ይህን ስንል ሰውን ጠርጥረን አይደለም፤ ልጁንም መምህሩንም የሚጠብቅ አጥር ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ቀረ። ሉቃስ በሁለተኛው ምዕራፍ እንደጻፈው ጌታችን የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ለበዓል ወጥተው ሲመለሱ፣ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ከመንገደኞቹ ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። እርሱ የቀረው በፈቃዱ፣ ለአባቱ ሥራ ነው። ዘመድና ጎረቤት አብሮ በሚጓዝበት መንገድ ግን ልጁ ከሌላው ጋር ነው ብሎ ማሰብ ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ይህ ታሪክ ያሳየናል፤ ፍለጋው ሦስት ቀን ፈጅቷልና። ስለዚህ በክረምት ጉባኤያችን የልጆቹን ስም የያዘ ወረቀት በአንድ ሰው እጅ ይሁን፤ ያም ሰው ሌላ ሥራ አይሰጠው። ከሠርክ ጸሎት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ከመኝታ በፊት ሁለተኛ ጊዜ፣ ለኪዳን ሲነሡ ሦስተኛ ጊዜ እያንዳንዱን በክርስትና ስሙ ይጥራው። ያልመለሰ ካለ መብራቱ አይጥፋ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።